ሕመም ያልነበረው ቁስል

በእኛ መንደር ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ ስለ እግሩ ያወራል። በሐምሌ መጨረሻ ወደ ካርታጎ ከተማ፣ ወደ መላእክት እመቤት ቤተ ክርስቲያን በእግሩ የማይጓዝ ጥቂት ነውና። ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ግን በዚያ ዓመት ጫማ አላሰቡም። የልጅ ልጃቸው ያለ ጊዜው ተወልዶ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ሳለ፣ «ይህን ሕፃን ካተረፍሽልኝ መንገዱን በባዶ እግሬ፣ ከደጅሽ እስከ መንበርሽ በጉልበቴ እመጣለሁ» ብለው ተስለው ነበር። ሕፃኑም ተረፈ።

ባዶ እግራቸውን ሊያለማምዱ በቡናው ማሳ መካከል ባለው ጠጠራማ መንገድ ተመላለሱ። ሲመለሱ ጎረቤታቸው ኤላዲዮ ደጃፋቸው ላይ ደም አየ።

«እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ዶሮ አርደው ሳይጠሩን?»

ጎንበስ ቢሉ የጠርሙስ ስባሪ እግራቸው ውስጥ ገብቷል። «ምንም አልተሰማኝም!» ብለው ጮኹ። «እመቤቴ ሕመሙን ወሰደችልኝ!»

ወሬው ተዛመተ፤ ሻማ ይዞ የመጣም አልጠፋ። የእኅታቸው ልጅ ዮርሌኒ ግን የጤና ጣቢያ ነርስ ናትና ፋሻ ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ይህ ተአምር አይደለም። የስኳር ሕመምዎ የእግርዎን ነርቭ አደንዝዞታል። እንዲህ ሆነው ቢጓዙ እግርዎን ሊያጡት ይችላሉ።»

«ነጭ ጋውን ስትለብሺ ጸሎት ተረሳሽ?»

«ሕፃኑ ሣጥን ውስጥ ሳለ እኔም እጸልይ ነበር፤ ሣጥኑን ግን ከሶኬት አልነቀልሁትም።»

ኤላዲዮ ሳቀ። «ረታችዎት!»

«አንተ ዝም በል! በአውቶቡስ ሄደህ በእግሬ ደረስሁ የምትል!»

በነገሩ ስላልተስማሙ አክስትና ልጅ ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ኖርቤርቶ ሄዱ። በዚያም ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ የልባቸውን ፍርሃት አወጡ። «አባቴ፣ ስእለቴን ባስቀር ሕፃኑን ብትወስደውስ?»

«ልጄ፣ እመቤታችን አራጣ አበዳሪ አይደለችም፤ ሕፃን በመያዣ አትይዝም» አሉ አባ። «ፈጣሪ ሕመምን ለሥጋችን ዘብ አድርጎ አቁሞታል። ዘብ ሲተኛ ሌባ ይገባል እንጂ ተአምር ሆነ አይባልም። ዮርሌኒ የነገረችሽ ዘቡ መተኛቱን ነው። እርሱ የሠራውን ሥጋ መርምሮ ማወቅ እርሱን መካድ አይደለም። ስእለትሽንም ቤተ ክርስቲያን በሌላ በጎ ሥራ ልትለውጥልሽ ትችላለች፤ የተጓዦችን እግር እጠቢ።»

ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ጉልበታቸውን ነካ አደረጉ። «በጉልበቴ ያልሁትስ?»

«እግር የሚያጥብ ቆሞ ያጥባል እንዴ?»

«ትራስ ተነጥፎ!» አለች ዮርሌኒ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ፣ በዓሉ ሳይደርስ ዳነ። ወገኖቼ፣ ሃይማኖት ማመስገንን ያስተምረናል፤ የሕክምና ዕውቀትም የተሰጠንን እንዴት እንደምንጠብቅ ያሳየናል። አንዱን በሌላው ላይ ማስነሣት የአንድን ሰው ሁለት እጆች እንደ ማጣላት ነው።

በጉዞው ዕለት ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ በመንገዱ ዳር፣ ትራስ ላይ ተንበርክከው ነበር። አንድ ወፍራም ገበሬ ጭቃ የጠጣ እግሩን እያፈረ ዘረጋላቸው። የተላጠውን ተረከዙን በሳሙና ሲነኩት ዘለለ።

«አመመህ?»

«እንዴት አያመኝም፣ እማማ!»

«እሰይ፣ ተመስገን!» አሉና እግሩን ሳሙት።