በደረቁ ልክ የነበረው መታጠቂያ

ሰውየው ጀልባው ሥር ነፍሱ ስትወጣ ዐሥራ አንድ ጀማሪዎች ዳር ቆመው ያጨበጭቡለት ነበር።

ጭብጨባው የተለመደ ነው። የጀልባ ክለቡ አሰልጣኝ በየኮርሱ የመጀመሪያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎች አንድ ትርኢት ያሳያል። ካታማራን የሚባለውን፣ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎቹ በመረብ የተያያዙትን ባለሸራ ጀልባ ብቻውን ይዞ ይወጣል። ዳሌውን አቅፎ የሚይዝ፣ ከፊት መንጠቆ ያለው መታጠቂያ ይታጠቃል፤ ከምሰሶው የሚወርደውን ሽቦ መንጠቆው ላይ ያጠልቅና ከጠርዙ ወደ ውጭ ተንጋሎ ሩብ ሰዓት ያህል ይከንፋል። ከዚያ ሆን ብሎ ይገለብጠዋል። ከሥር ሆኖ ራሱን ከሽቦው ያላቅቅና እጁን እያውለበለበ ብቅ ይላል።

ያን ቀን ጀልባው ተገለበጠ፣ ተጨበጨበ፣ እጅ ግን አልወጣም።

ካጨበጨቡት አንዷ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የመርማሪዋ ልጅ ነበረች። «እማ፣» አለቻት በስልክ፣ «እኛ እያጨበጨብን አልወጣም።»

መርማሪዋን ጣቢያ ውስጥ «እትዬ ምናልባት» ይሏታል። ልጇ ደውላ ድምጿ እስኪሰማ ባለው አንዲት ትንፋሽ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሞት የምታስብ ሴት ናት። ይሄው ክፉ ሐሳቧ ቤት ውስጥ እንቅልፍ ይነሳታል፤ ሥራ ላይ ግን እንጀራዋ ሆኗል።

«ልጅዎ ደህና ናት እኮ፣ ራሷ አይደለች የደወለችው?» አላት ሳጅኑ መኪናውን እያስነሳ።

«እስካያት ድረስ አላውቅም» አለችው።

አየቻት። ልጅቷ ፎጣ ተከናንባ የጀልባ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጣለች፤ መታጠቂያዋን ገና አላወለቀችም። እናትዬው ሁለት ጣቷን በማሰሪያው ሥር ልትሰድ ብላ መዳፏ በሙሉ ገባ።

«ማን ነው ይሄን የመረጠልሽ?»

«አሰልጣኙ ነዋ። ታድጊበታለሽ አለኝ።»

መርማሪዋ መታጠቂያውን አስወልቃ መኪናው ውስጥ ቆለፈችበትና ወደ አስከሬኑ ሄደች።

የታጠቀ ሰው መንጠቆው ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። የሟቹ ግን ደረቱ ድረስ ወጥቶ ውሃ ላይ በሚያንሳፍፈው ላይፍጃኬቱ ሥር ተወትፏል፤ ሽቦውም አልተላቀቀም። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ ዳሌው ላይ ያለው ልብስ ተቧጭሯል። ሰውየው መንጠቆውን ሲፈልግ የቆየው በሌለበት ቦታ ነው።

የእሱ መታጠቂያ እንደ ተማሪዎቹ በዘለበት ብቻ የሚጠብቅ አልነበረም። ማሰሪያዎቹ እየሸሹ ስላስቸገሩት በልኩ አሳጥፎ አሰፍቷቸው ነበር። አሁን እጥፋቶቹ ተዘርግተዋል። ክሩ በነበረበት መስመር ላይ ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። የክር ቁራጭ የለም፤ የተበጣጠሰ ጫፍ የለም፤ የሰፋ ቀዳዳ የለም። በአውራ ጣቷ ስታሻቸው ብቻ ሙልጭልጭ አለባት።

ጀልባ ጠባቂው፣ ዕድሜ ልኩን ያወራ የሚመስል ሽማግሌ፣ ሳይጠየቅ የዓምናውን አነሳላት። ዓምና የክለቡ ሸራ ሰፊ ልጅ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ጀማሪ፣ እዚሁ ሞታለች። አሰልጣኙ ትልቅ መታጠቂያ መርጦ አስታጠቃት፤ ጀልባው ሲገለበጥ መንጠቆው ላይፍጃኬቷ ሥር ወጣና እጇ አላገኘውም። በምርመራው ላይ አሰልጣኙ «ራሷ ናት ያላጠበቀችው» ብሎ ነፃ ወጣ። ሸራ ሰፊው ግን ሥራውን አልተወም፤ ዓመት ሙሉ የዚያኑ ሰው ሸራና መታጠቂያ ሲጠግን ከረመ። ሰው ሁሉ «ይቅር ብሏል» አለ።

«ሚስቱስ?»

«ጥልፍ ሠሪ ናት። እሷ እንኳ ሐሙስ ዕለት ለባሏ ምሳ ይዛለት መጥታ ነበር። ተጽናናች ብለን ደስ አለን።» ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔንም ይጠርጥሩኝ እንጂ። ትናንት ሟቹ በሥራ ሰድቦኛል።»

«ተራዎን ይጠብቁ» አለችው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ለጀማሪ ልጇ ምን ዓይነት መታጠቂያ ትምረጥላት? ሽማግሌው መንጠቆው በአንድ ጉተታ የሚለቅ ይሁን አለ፤ ልክነቱም የሚታወቀው ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ በታሰረው ገመድ ተንጠልጥላበት ነው። አሰልጣኙ ራሱ ዛሬ ጠዋት የገዛ መታጠቂያውን ታጥቆ ተማሪዎቹ ፊት ሦስት ጊዜ ተንጠልጥሎበታል።

የሟች ሚስት ቢሮ ውስጥ ነበረች፤ አላለቀሰችም። ያንኑ የልጅቷን ጥያቄ ስትሰማ ባሏ የመረጠው መታጠቂያ ሁሉ ጥሩ እንደሆነ፣ ገመዱ ላይ ከያዘ ውሃ ላይም እንደሚይዝ ነገረቻት። ከዚያ መስኮቱን እያየች፣ ገዳይ ነው ስላለችው ስለ ሸራ ሰፊው ተናገረች።

«እስር አይበቃውም። ሚስቱን ማጣት አለበት፤ እኔ ባሌን እንዳጣሁ። ባዶ ቤት ገብቶ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው።»

ሸራ ሰፊውን መፈለግ አላስፈለገም። ሳይጠሩት መጥቶ እኔ ነኝ አለ። ትናንት ማታ ክሮቹን በምላጭ እንደበጠሰ፣ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን እንደጠበቀ፣ ወረቀት ይምጣልኝ ልፈርም አለ። የጣቢያው አዛዥ በስልክ ደስ አለው፤ እስከ ማታ አስፈርማችሁ መዝገቡን ዝጉ ብሎ አዘዘ። ሰውየው ዕድሜውን ሊጨርስበት የሚችለው እስር ቤት በአንዲት ፊርማ ርቀት ላይ ነበር።

መርማሪዋ እሱንም ስለ ልጇ ጠየቀችው። ሸራ ሰፊው የምሩን አሰበ። ጠበብ ያለ ይሁን፣ በጭኗ የሚዞር ማሰሪያ ይኑረው፣ ገመዱ ላይ ይስቀሏት አለ። ሃያ ዓመት የሠራበት እጁ መርፌ እንደያዘ ሁሉ በአየር ላይ ይሰፋ ነበር።

ጥልፍ ሠሪዋ ቤት ከክለቡ ሦስት መንገድ ይርቃል። ሴትዮዋ በረንዳ ላይ፣ ሳፋ ፊት ተቀምጣ፣ አንድ የጠረጴዛ ልብስ በለብታ ውሃ ታነሳና ታወርዳለች። የባሏን መያዝ ሰምታለች። ፊቷ ላይ ግን የተያዘ ባል ሐዘን አልነበረም፤ የሆነ ነገር እንዳልጠበቀችው የሆነባት ሰው ፊት ነበር።

«ያንን ግቢ ከረገጥኩ ዓመት ሆነኝ» አለች። «መታጠቂያም ነክቼ አላውቅም። ባሌም አላደረገውም።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከሳፋው አላነሳችም። ጨርቁ ላይ በአበቦቹ ዙሪያ ተሰፍቶ የነበረ ነጭ ክር በዓይኗ ፊት እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። አበቦቹ ብቻ ቀሩ። ስትነሳ፣ እንደ ዘበት፣ የእሷም ልጅ ዛሬ ከጀማሪዎቹ ጋር እንደነበረች ተናገረች።

የጥልፍ ሠሪዋ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ ስድስት።»

«ስሚኝ እህቴ። አርጥቢው። መጀመሪያ ነክሪውና እርጥቡን አስታጥቂያት። በደረቁ ልክ ነው ቢሉሽ እንዳታምኚ። ከዚያ ዓይኗን አስጨፍነሽ መንጠቆውን በእጇ ፈልጊ በያት።» አፏን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሸራ በሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጀልባ ጠባቂው ጥቅልል ሸራ ላይ፣ የሟች ሚስት ወንበር ላይ፣ ባልና ሚስቱ ከስፌት መኪናው አጠገብ። ሳጅኑ ያልተፈረመውን ወረቀት ይዟል። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ የሟቹን መታጠቂያና አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አስቀመጠች።

«ከኑዛዜው ልጀምር» አለች። «በምላጭ የተቆረጠ ክር ቀዳዳው ውስጥ ቁራጭ ይተዋል። እዚህ የለም። ደግሞ ማታ ተቆርጦ ቢሆን ጠዋት ገመዱ ላይ ሲንጠለጠል ይላቀቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ተንጠልጥሏል፤ ይዞታል። ስለዚህ ምናልባት ሸራ ሰፊው ውሸታም ነው።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ» አለ ሸራ ሰፊው። «ለምን አይተዉንም?»

«በበሰበሰ ክር ተሰፍቶ ቢሆን ደግሞ ሲበጠስ ቀዳዳዎቹን ያሰፋቸው ነበር። አላሰፋቸውም። ክሩ ዳር ላይ ነበር፤ ውሃ ላይ የለም። በዳርና በውሃ መካከል ያለው ልዩነት ውሃው ብቻ ነው።»

ከኪሷ ነጭ ክር አወጣች። ከጥልፍ ዕቃ ሱቅ የገዛችው ነው። ሳጅኑን ጫፉን እንዲስብ ጠየቀችው፤ ሳበ፣ አልተበጠሰም። ብርጭቆው ውስጥ ጨመረችው። ክሩ ለዘብ አለ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ።

«ጥልፍ ሠሪዎች መስመር ለመያዝ ይሰፉበታል፤ ሥራው አልቆ ሲታጠብ ይሟሟል፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ያሙለጨለጨኝም ትራፊው ነው። የባሏን ስፌት ፈትታ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ ደርባ ደርባ በዚህ ለሰፋች ሴት መታጠቂያው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይይዛል። ሩብ ሰዓት ውሃ ሲረጨው ይለቃል። ሐሙስ ዕለት ምሳ የመጣው ለዚህ ነው። እሷ ግን ግቢውን ከረገጥኩ ዓመት ሆነኝ አለችኝ።»

የሟች ሚስት ብድግ አለች፤ ሳጅኑ አስቀመጣት።

«ይሄ ሁሉ ግን ጥርጣሬ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁንም ለልጄ ምን ልምረጥ ብዬ ጠየቅኋችሁ። ይሄን ሥራ የሚያውቁት ሁሉ አንጠልጥያት አሉኝ። ሃያ ዓመት የሰፋው ሰው እንኳ። አርጥቢው ያለችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ መታጠቂያ ነክቼ አላውቅም ያለችው። ለራሷ ስትል ዝም ማለት ትችል ነበር። ለልጄ ስትል አላለችም።»

ሸራ ሰፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስቱ ትከሻውን ነካችው።

«አንተን ማን ተናገር አለህ?» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ መያዝን አልፈራሁም። ሞኝ።» ከዚያ ወደ ሟች ሚስት ዞረች። «የልጄ እጅ መንጠቆውን እንዴት እንደፈለገ ዓመት ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት። ባልሽ ራሷ ናት ያላጠበቀችው ብሎ ወደ ቤቱ ገባ፣ በላ፣ ተኛ። እሱም ይፈልገው አልኩ። ስለት ወይም መርዝ አልፈለግሁም። እጁ ወርዶ ወርዶ ባዶ እንዲያገኝ ነው የፈለግሁት። አላዝንም። ነገም አላዝንም።»

ሳጅኑ ወረቀቱን ቀደደው።

ጥልፍ ሠሪዋ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና መርማሪዋን አየቻት።

«ለልጅሽ እሱ የመረጠላት የትኛውን ነበር?»

መርማሪዋ መዋሸት ትችል ነበር።

«ትልቁን» አለች። «ታድጊበታለሽ ብሏታል።»

ጥልፍ ሠሪዋ ፈገግ አላለችም። ራሷን ነቀነቀችና በራሷ እግር ወደ መኪናው ሄደች።

ሁሉም ከተበተነ በኋላ መርማሪዋ የልጇን መታጠቂያ ከመኪናው አውጥታ ውሃው ዳር ነከረችው። ጨምቃ አስታጠቀቻት፤ ላይፍጃኬቱን ከላይ አለበሰቻት፣ ዘለበቶቹን እስከ መጨረሻው ሳበች። ልጅቷ ቀዘቀዘኝ ብላ አጉረመረመች። እናትዬው ሽቦው እንደሚስበው አድርጋ መንጠቆውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳበችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን መንጠቆውን ፈልጊ።»

የልጅቷ እጅ ወደ ወገቧ ወረደ። ዳበሰ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

«እማ፣» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «የለም እኮ።»