የፎቁ ቤት ጥል

ፒያሳ ላይ ያለውን ፎቅ ቤት የሠራው ጣሊያን ነው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ገዝተው ጨርቅ ነገዱበት፤ ደርግ ወረሰው። በኋላ የምስጢር አባት አቶ ፋንታሁን ከቀበሌ ተከራይተው፣ ከሚስታቸው ጋር ምግብ ቤት ከፈቱበት። የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ወይዘሮ እናኑ «የአባቴ ቤት ይመለስልኝ» ብለው ቢከሱም ተረቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ምስጢር በአባቷ ምግብ ቤት ስታስተናግድ፣ አንድ ቀን ለምሳ የገባው ወጣት ሐኪም የወይዘሮ እናኑ ልጅ ህሩይ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ቀና ብላም ባላየችው ነበር። አላወቀችም። ሽሮውን አስቀምጣለት ዞር ስትል፣ ዓይኑ ከጣሪያው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ እሷ መጣ፤ እሷ ላይም ቀረ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ምንም። ቤታችሁ ሸጋ ነው።»

በሳምንቱ ተመለሰ። ውሎ አድሮ ቀሐ ወንዝ ዳር አብረው ይሄዱ ጀመር። የማን ልጅ እንደሆነ የነገራት እዚያ ነው። ደነገጠች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

ህሩይ ሽማግሌ ሲልክ አቶ ፋንታሁን «ተቀመጡ» እንኳ አላሉም።

«በፍርድ ቤት ያጡትን በጋብቻ ሊገቡበት ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺም በር ከፋች ሆንሽላቸው።»

ቃሉ ውስጧ ገባ። በማግስቱ ህሩይን ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«መጀመሪያ ቀን የመጣኸው ምሳ ልትበላ ነው?»

ከበሩ ፈቀቅ አደረጋት።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለ። «ቤቱን ምን እንዳደረጉት እይልኝ ብላ። ሁለተኛ የመጣሁት ግን አንቺን ብዬ ነው።»

«ዋሽተኸኛል።»

«አልዋሸሁም። ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

«ያው ነው» ብላ ሄደች። ክረምቱን ሙሉ ስልኩን አላነሳችም።

መስከረም ላይ ወይዘሮ እናኑ ራሳቸው መጥተው፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ቤቱ አልበቃ ብሏችሁ ልጄንም ወሰዳችሁት» አሏት ምስጢርን፣ ተመጋቢው ሁሉ እየሰማ። «‹ውርስሽ ይቅርብኝ፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው› ብሎኝ አዘዞ ቤት ተከራየ። ምን አቅምሰሽው ነው?»

ምስጢር ይህን ሁሉ የሰማችው ከእሳቸው ስድብ ነው። ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከወጣሽ አትመለሺም» አሉ አባቷ ከጓዳ ብቅ ብለው።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

የዚያን ቀን ማታ ለህሩይ ደወለችለት፤ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ጥር ላይ ተጋቡ። ከወላጆቻቸው አንድም የመጣ የለም፤ ያጀቧቸው የህሩይ ባልደረቦች ናቸው። በማግስቱ ፒያሳን ሲያቋርጡ አቶ ፋንታሁን ደጃቸው ቆመው አዩዋቸው። ወደ ውስጥ ገቡና፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩን ዘጉት።

ምስጢር የህሩይን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ በዚያው በር ፊት፣ እርምጃዋን ሳታፈጥን አለፈች።