የድንጋዬ ሁዳዴ

ኤሊው ዓይኑን አልገለጠም።

አስካለ ማርያም በሳይንስ ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ አንድ እንክብል መኖ በጣቶቿ ይዛ ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት። ቡናማ፣ ከባቄላ ፍሬ ያነሰ፣ ድርቅ ያለ ነገር ነው። ኤሊው አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ። የዓይኖቹ ሽፋኖች ልክ እንደ ጥር ወሩ አብጠዋል።

«ተይው ባክሽ፣ ሲርበው ይበላል» አለች የክፍል ጓደኛዋ ኮከቤ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን እየነከሰች። «ይልቅ ፀጉርሽን አስተካክዪ። ከደብረ ብርሃን የሚመጡት እንግዶች በአራት ሰዓት ይደርሳሉ። ንግግሩን የምታደርጊው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ? ማን አለ?»

«ቲቸር አባይነህ ነዋ! በቃ፣ ዝነኛ ሆንሽ።»

አስካለ ፈራች። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችው። መምህሩ በጠመኔ አሳምረው «በእንክብል መኖ ብቻ ያደገ ኤሊ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ስምንት ሳምንታት ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሳምንት ጎን የኤሊው ክብደትና የበላው መኖ አለ። ክብደቱ እውነት ነው። መኖው ውሸት ነው። ውሸቱን የጻፈችው ደግሞ ራሷ ናት።

ኤሊውን ያመጡት መምህር አባይነህ ናቸው፤ ከመርሐ ቤቴ ቆላ፣ ከጀማ ወንዝ ዳር። ወጣት የሳይንስ መምህር ናቸው፣ ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም። ለመንዝ ብርድ እንግዳ የሆነውን ፍጥረት በካርቶን ታቅፈው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ያየ ሁሉ ስቆባቸዋል። ተማሪዎቹ «ድንጋዬ» የሚል ስም አወጡለት። መምህሩም ከአንድ የመንግሥት እርሻ ለዶሮ የሚሰጠውን እንክብል በጆንያ አስመጡና «ሳይንሳዊ አመጋገብ» አሉት። ድንጋዬ ሳይንሱን እስከ ጥር ድረስ በላ። ከዚያ ዓይኑ አበጠ፤ የድንጋይ ልብሱ ጠርዝም ለስልሶ በጣት ሲጫኑት ይረግብ ጀመር።

በየካቲት መጨረሻ የሳይንስ ክፍሉ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተፈለገ። የአስካለ ቤት ቅርብ ነው፣ እሷም ጠንቃቃ ናት፤ ኤሊውንም፣ ሊያልቅ የተቃረበውን ጆንያም ተረከበች። ሁዳዴ በገባ በማግስቱ ነበር።

አባቷ ቄስ ገብረ አማኑኤል የተጻፈ ነገር ካገኙ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን ሳያነቡ አያልፉም። ከጆንያው አፍ ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ወረቀትም አነበቧት።

«በቆሎ፣ ፋጉሎ፣ የአጥንት ዱቄት፣ የደም ዱቄት…» ቀና አሉ። «የደም ዱቄት? በሁዳዴ? እኛ ሽሮ እየበላን ኤሊው ደም ሊቅም ነው? ይሄ ከቤቴ አይገባም። በረቱ ውስጥ አስቀምጪው። እስከ ፋሲካ ይህን እንደማናበላውም ለመምህሩ ንገሪልኝ።»

እናም ድንጋዬ ጾመ። አስካለ ከጓሮ ጎመን፣ ከመስኩ ማገጥ የሚባለውን ለስላሳ ሣር እየቆረጠች አበላችው። ቀን ከደጅ ፀሐይ ይሞቃል፣ ማታ ከምድጃው አጠገብ ያድራል። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑ ተገለጠ። በስድስተኛው የእናቷን የጎመን መደብ ሲወር እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ጆንያውን ደግሞ ዶሮዎቹ ቀደው ቦጨቁት፤ ሁዳዴን ሙሉ ሳያቋርጡ እንቁላል ጣሉ። በቤቱ ግን ጾም ስለሆነ የሚቀምሰው የለም። እናቷ እንቅቡ እየሞላባቸው «ዘንድሮ እነዚህን ዶሮዎች ምን ነካቸው?» እያሉ ያማትቡ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አስካለ ከጆንያው ግርጌ የተረፈውን እንክብል በውሃ አርሳ ከጎመኑ ጋር ቀላቀለችለት፤ ድንጋዬም ሁሉንም አብሮ በላው።

ለመምህሩ ግን አልነገረቻቸውም። አምና አባቷ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በነበረበት ቀን ቀድሰው ሁለት ቀን ታስረዋል። አሁን ደግሞ «የመንግሥትን መኖ በጾም አመካኝቶ ጣለ» ቢባሉስ? ስለዚህ በየሳምንቱ «መኖ፣ ሦስት መቶ ግራም» እያለች ጻፈች። አንዴ ከጀመረች በኋላ መውጫው ጠፋት። መምህሩ ጆንያው ባዶ መሆኑን ሲያዩ በደስታ ሌላ አስመጡ። ድንጋዬም ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ከእንክብል ሌላ ምንም እንዳይገባለት ታዘዘ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ። አስካለ ከልማዷ የተነሣ በየማለዳው ጎመን ትቆርጣለች፤ ማታ ጠውልጎ በቦርሳዋ ይዛው ትመለሳለች።

ትናንት በእራት ላይ አባቷ «ያ ኤሊሽ ደህና ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ዓይኑ እንደገና አብጧል፣ አባባ።»

«እኛ ዘንድ ደህና አልነበር እንዴ! ምን እናበላው እንደነበር ነግረሻቸዋል አይደል?»

«አዎ» አለች። ውሸቱ ሁለት ሆነ።

አሁን መምህር አባይነህ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ገቡ። «አስካለ! ተዘጋጀሽ?»

«ቲቸር» አለች ሳትነሣ። «ድንጋዬ እንክብሉን አልበላም። ስምንቱንም ሳምንት የበላው ጎመን ነው። እንክብሉን የበሉት ዶሮዎች ናቸው።»

ኮከቤ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። የመምህሩ እጆች ባሉበት ቀሩ።

«ለምን?» አሉ።

«ሁዳዴ ነበር።»

መምህሩ ሄደው በሩን ዘጉት። «ይህቺን ቃል እዚህ እንዳትደግሚያት። ለአባትሽ ስል ነው የምልሽ። ሪፖርቱን ልኬዋለሁ እኮ! ዛሬ የተጻፈውን ብቻ አንብቢ። ሌላውን በኋላ እናስተካክላለን።»

«እንግዶቹ ሲሄዱ ጎመን እንሰጠዋለን?»

መምህሩ ወለሉን አዩ። «ሲሄዱ ይዘውት ነው የሚሄዱት። ደብረ ብርሃን ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል። ከእንክብሉ ጋር።»

አስካለ ሁለቱን አመዛዘነች። ብትናገር አባቷ፤ ዝም ብትል ድንጋዬ። ክፍሉ ጠበባት፤ ወጥታ መሮጥ ፈለገች። ውጪ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

አምስት ሰዎች ገቡ። መሪያቸው ጓድ ጫኔ የሚባሉ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሰሌዳውን አነበቡ፣ ጎንበስ ብለው ኤሊውን አዩ። «ተኝቷል እንዴ?»

«ተኝቶ ነው» አሉ መምህሩ ቶሎ ብለው።

«በሉ፣ ያሳደገችው ተማሪ ታንብብልን።»

አስካለ ሰሌዳው ፊት ቆመች። «አንደኛ ሳምንት» ብላ ጀመረች። «መኖ…» ብላ አቆመች። ድንጋዬ ከእግሯ ሥር ነው፤ ከፊቱ በሳህን ሙሉ እንክብል አለ፤ እሱ ግን አያየውም።

ወደ ቦርሳዋ ሄደች። የጎመኑን ቅጠል አወጣችና ሳህኑን ገፋ አድርጋ ኤሊው አፍ ሥር አኖረችው። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንገቱ ቀስ እያለ ወጣ። ዓይኖቹ እንደተከደኑ ፈልጎ ቅጠሉን አገኘውና ነከሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጓድ ጫኔ።

«ስምንት ሳምንት የበላው ይሄን ነው። እንክብሉን ዶሮዎቻችን ናቸው የጨረሱት። ትንሽ ትንሽ ከጎመን ጋር ቢሰጠው ግድ የለም። ብቻውን ሲሆን ግን ዓይኑ ይጠፋል።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ፤ የጓድ ጫኔን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

«ማን አዘዘሽ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሰሌዳውን ተደገፈች።

«ጎመኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ውሸቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም እውነት ነበሩ። ጓድ ጫኔ ወደ መምህሩ ዞሩ። «እርስዎስ ያውቃሉ?»

መምህር አባይነህ «አላውቅም» ማለት ይችሉ ነበር። አስካለም ይህንኑ ጠብቃ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ነግራኛለች» አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጧት። «አርሚው።»

አስካለ ከአንደኛው ሳምንት ጎን ያለውን በእጅጌዋ ጠርጋ «ጎመንና ማገጥ» ብላ ጻፈች። ከኋላዋ ጓድ ጫኔ ደብተራቸው ላይ ሲጭሩ ይሰማታል፤ ምን እንደሚጽፉ አላየችም። ድንጋዬ ቅጠሉን ያኝካል። ማታ አባቷን ምን እንደምትላቸው እያሰበች ወደ ሁለተኛው ሳምንት አለፈች።