የራስጌ መብራት ገመድ

የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ መሃሉን አልፋ ወደ ቀዩ መስመር ስትጠጋ አጎቷ እጁን ከመሪው በታች ሰደደና የማራገቢያውን ማብሪያ ቀጭ አደረጋት። ከኮፈኑ ስር ምንም አልተሰማም። አጥፍቶ ደግሞ አበራት። አሁንም ጭጭ።

«ኢንጂነሯ፣ ማራገቢያሽ አኩርፏል መሰለኝ» አላት እየሳቀ።

ጋቢና የተቀመጠችው የእህቱ ልጅ አልሳቀችም። ከትምህርት ቤት በር አንስቷት ወደ ቤት እየሄዱ ነው፤ አቀበቱ መሃል ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል። ከፊት አውቶቡስ፣ ከኋላ የጭነት መኪና፣ በጎን የግንብ አጥር። ማራገቢያው ለምን እንደማይዞር እዚያ መኪና ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማወቋ ግን አንዳች አልፈየደም። መርፌዋ ስትወጣ ቁጭ ብላ ከማየት በቀር ምን ታድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ ታክሲ ሲሞቅ ማራገቢያውን በራሱ የሚያስነሳው ዕቃ ከወር በፊት ተበላሸ። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ አዲሱ እስኪመጣ ታገሡ አላቸው። እሷ ምን ሲደረግ! አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስልክ ላይ ሦስት ቪዲዮ አይታለች፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀራት? የራስጌ መብራቷን ገመድ ከነማብሪያው ቆርጣ ከባትሪው በመሪው ስር አዙራ ወደ ማራገቢያው ዘረጋችው። የግድግዳ ኤሌክትሪክ የቻለ ገመድ አንዲት ባትሪ ያቅተዋል እንዴ ብላ ነው። ማራገቢያው ተነስቶ ሲያጓራ አባቷ ግንባሯን ሳማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራ ሲጠብቅ ለባልደረቦቹ ኮፈን እየከፈተ «የልጄ ሥራ ነው» ሲል ይውላል። ስሟም ቀረና ኢንጂነሯ ሆነች።

እሑድ ዕለት ከሥራ የገባውን መኪና ስታጥብ ማብሪያዋን ብትነካት ጣቷን ለበለባት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም ነበራት፤ ማራገቢያው የሚስበው ኃይል ለቀጭኑ ገመድ በዝቶበታል። ክው አለች። ለአባቷ ልትነግረው ብትወጣ፣ እሱ ለጎረቤታቸው ስለ እሷ እያወራ ነው፤ ያውም ፊቱ እንዴት እንደበራ! በዚያ ፊት ላይ ምን ተብሎ ይወራል? ናስትሮ አምጥታ ማብሪያዋን ሁለት ዙር ጠቀለለቻትና ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

አሁን ግን ነቀዘ። አቀበቱ ጫፍ ላይ እንደደረሱ ከኮፈኑ ዳርና ዳር ነጭ እንፋሎት ተግ ብሎ ወጣና ሞተሩ ቀጥ አለ። አጎቷ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ አባቷ ታክሲውን ከሰዓት ከሰዓት እንዲይዝለት የፈቀደው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ሲሰጠውም አስጠንቅቆታል፤ አንድ ጥፋት ካየሁ ቁልፌን እቀበልሃለሁ ብሎ።

መንገደኞች አግዘው ጋራዥ አደረሷቸው። መካኒኩ ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ በሙቀት ሳይጣመም አልቀረም፣ ሞተሩ መፈታቱ ነው አለ። አባቷ ተደውሎለት እያለከለከ ደርሶ ይህን ሲሰማ ወደ አጎቷ ዞረ።

«ማብሪያዋን ረሳሃት፤ አይደል?»

አጎቷ መልስ ከመስጠቱ በፊት እሷን አየት አደረጋት። ፊቷ ላይ ምን እንዳነበበ እሱ ያውቃል። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ሳልረሳት አልቀርም፣ ጋሼ።»

አባቷ አልጮኸም። መዳፉን ብቻ ዘረጋ። አጎቷ የታክሲዋን ቁልፍ ከራሱ ቤት ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አስሮት ስለነበር መፍታቱ ጊዜ ወሰደበት። እሷ አጠገቡ ቆማ አፏን ከፈተች። ግን ቁልፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲያልፍ እያየች ቀረች።

አባቷ ትከሻዋን አቀፈ። «አይዞሽ» አላት። «ያንቺ ሥራ ምንም አልሆነም።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አጎቷ ጃኬቱን አንስቶ ወደ በሩ ማዝገም ጀመረ። ሁልጊዜ እያፏጨ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ አላፏጨም። ኤሌክትሪሺያኑ ነገ አዲሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል። ያን የመብራት ገመድ መንጭቆ ይጥለዋል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እሷም ኢንጂነሯ እንደተባለች ትኖራለች።

መኪናው ውስጥ ገባች። ከመሪው ስር እጇን ሰዳ ማብሪያዋን ሳበቻት። ናስትሮውን ስትልጠው ፕላስቲኩ ቀልጦ ገመዱ ላይ ተጣብቋል፤ የታኘከ ማስቲካ መስሏል። ኪሷ ውስጥ ብትከታት ትገባለች። ትንሽ ናት።

«አጎቴ፣ እንዳትሄድ» አለች ስትወጣ።

አጎቷ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ግን ወደ አባቷ ነው የሄደችው። ቁልፉ ገና መዳፉ ላይ ነበር፤ ማብሪያዋን ከነናስትሮዋ እላዩ ላይ አስቀመጠችለት። አባቷ የቀለጠውን ፕላስቲክ አገላበጠው፣ ቀጥሎ ናስትሮውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ፊቱ እንደዚያ እሑድ አልበራም።

«መቼ ነው የተጠቀለለው?» አላት ቀስ ብሎ።

«እሑድ» አለች።