የአሠልጣኝ ሲግሩን ሰባት ቦታዎች

«ዘጠኝ ቁጥር፣ የምስራች።»

አሠልጣኝ ሲግሩን ይህን ስም ስትጠራ ሄርሜላ ማሊያውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር። እጅ አንዴ ከተዘረጋ ወዴት ይገባል? ፀጉሯን የምታስተካክል መሰለች። ፀጉሯ ደግሞ ጥብቅ ያለ ሹሩባ ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለውም።

«ሄርሜላ፣ ሦስት ቁጥር። ግራ ተከላካይ።»

ተከላካይ! ሄርሜላ ጎሹ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አጥቂ ናት። ባለፈው ዓመት ታከር በምትባለው ከተማቸው ላለው ለዚህ ክለብ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በታች ቡድን፣ አሥራ ዘጠኝ ጎል ያገባችው እሷ ናት። ዘጠኝ ቁጥርን ያወለቀችው ለእጥበት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የምስራችን ወደ ቡድኑ ያመጣቻት ራሷ መሆኗ ነው። የምስራች ከሐዋሳ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ። ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ካፍቴሪያው መሐል ትሪ ይዛ ስትደናበር «ሀበሻ ነሽ?» ያለቻት ሄርሜላ። «ኳስ ትችያለሽ?» ያለቻት ሄርሜላ። የልጅቷ እናት ወይዘሮ ዘሪቱ እንግሊዝኛውም ኢሜይሉም ስለሌላቸው የክለቡን ፎርም የሞላችላት፣ አሁንም ሄርሜላ። የወላጅ ስልክ የሚለው ጋ የራሷን አባት ቁጥር ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ የየምስራች የክለብ መልእክት ሁሉ የሚገባው እነሄርሜላ ቤት ነው። ሄርሜላ ታነባለች፣ ተርጉማ ታደርሳለች። ልክ እንደ ኤምባሲ።

«አቦ ሄርሚ፣ አቀብይኝ እንጂ!» የምስራች ከፊት እጇን እያወዛወዘች ጮኸች።

ሄርሜላ አቀበለች። ኳሷ የምስራችን አልፋ፣ መስመሩን አልፋ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ ቫን ሥር ገባች።

«ይቅርታ» አለች ሄርሜላ፤ ፊቷ ላይ ግን የይቅርታ ምልክት አልነበረም።

ከልምምድ በኋላ አባቷ እንደተለመደው ዘገየ። ሄርሜላ ለትምህርት ቤት የአንድን ሰው የሥራ ሕይወት ጠይቃ መጻፍ ነበረባት፤ አሠልጣኟን የመረጠቻት አጠገቧ ስላለች ነው። የኳሶቹ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲግሩን አይስላንዳዊት ናት፤ አሥራ አራት ዓመት በፕሮፌሽናልነት ተጫውታለች። ረጅም ናት፣ ጉልበቷ ላይ ትልቅ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ ድምፅ አታወጣም። ሄርሜላ የስልኳን መቅጃ ከፈተች።

«ሰባት ቦታ ላይ ተጫውተሻል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አጥቂ፣ ቀኝ ክንፍ፣ የፊት አማካይ፣ የኋላ አማካይ፣ ግራ ተከላካይ፣ መሐል ተከላካይ። አንድ ቀን ደግሞ በረኛ።»

«ዋው። ሁሉንም ስለምትችዪ።»

ሲግሩን ያለ ድምፅ ሳቀች። «ጋዜጦቹም እንደዛ ነው የሚጽፉት። ሁለገቧ ተጫዋች። እውነቱን ልንገርሽ? አምስት ጊዜ ቦታዬን ስለነጠቁኝ ነው። በየሄድኩበት ከእኔ የምትሻል ትመጣለች፤ እኔ ወደ ኋላ እገፋለሁ። ኖርዌይ ወደ ኋላ፣ ስዊድን ወደ ኋላ። እየተገፋሁ እየተገፋሁ የራሳችን ጎል ውስጥ ገባሁ።»

«በረኛ የሆንሽውም ተነጥቀሽ ነው?»

«አይ፣ ያኔ እንኳን በረኛችን ቀይ ካርድ አይታ ነው።»

ሄርሜላ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን ዛሬ ለዚህች ሴትዮ ላለመሳቅ ወስናለች። «ታዲያ ስትነጠቂ ዝም አልሽ?»

ሲግሩን ሜዳው ላይ ኮን የምትሰበስበውን የምስራችን አየት አደረገች። «የመጀመሪያዋ ሂልዱር ትባላለች። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ኳስ አላቀበልኳትም።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ እኔ ሳላቀብላትም ጎል አገባች።»

«አሁንስ? አሁንም ትቀኛለሽ?»

«በሂልዱር? በጣም!» አለች ሲግሩን፤ ተነስታም ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች።

መኪና ውስጥ አባቷ አቶ ጎሹ መስታወቱን የምስራችን ለማየት አስተካከለ፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለማየት አይደለም። «እህሳ፣ የምስራችዬ! ዛሬ ስንት አገባሽ?»

«ልምምድ እኮ ነው ጋሼ።»

«ቢሆንስ?»

«አራት» አለች የምስራች አፍራ።

«አራት! ደግሞ ጋሼ አባባሏ! ሰማሽ ሄርሚ? አንቺ እኮ ዳድ ነው የምትዪኝ፤ እንደ ውሻ ስም።»

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ መንገዱ ላይ ፎከስ አድርግ።»

«የአሠልጣኟ የአባት ስም ማነው?» የምስራች ወሬ ለማስቀየር ጠየቀች።

«ጉናርስዶቲር። የጉናር ልጅ ማለት ነው። አገሯ ሁሉም በአባቱ ስም ነው የሚጠራው» አለች ሄርሜላ መስኮቱን እያየች።

«እንደኛ!» አቶ ጎሹ መሪውን መታ። «ታዲያ እስከዛሬ ፈረንጅ ናት ስትሉኝ የነበረው ለምንድነው?»

የምስራች ከት ብላ ሳቀች። አቶ ጎሹ አብሯት ሳቀ። ሄርሜላ ብቻዋን መስኮቱን ማየቷን ቀጠለች። አሁን አባቷንም ልትወስድ ነው እንዴ? ማሊያውን ከወሰደች በኋላ ምን ያቆማታል?

በማግስቱ አርብ ነበር። አቶ ጎሹ ከኤርፖርት ሹፍርናው ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ስልኩ ጮኸ፤ ሳያየው ለልጁ ወረወረላት። በዚያ ቤት የእንግሊዝኛ መልእክት ሁሉ የሄርሜላ ሥራ ነው።

መልእክቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም የላከው የክለቡ ኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያው ለየምስራች ወላጅ ነው። ልጅዎ ለክፍለ ግዛቱ ምርጥ ቡድን ሙከራ ተመርጣለች፤ ነገ ዘጠኝ ኤኤም፣ ሎረንስቪል። ከክለባችን የምትሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እስከ ዛሬ ስድስት ፒኤም መምጣቷን ካላረጋገጡ ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል።

ሁለተኛው ለሄርሜላ ወላጅ ነው። ልጅዎ ተጠባባቂ ናት።

ሄርሜላ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት ሦስት ከአርባ ነበር።

«ምንድነው?» አለ አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምንም። ማስታወቂያ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። መልእክቱን አላጠፋሁትም፣ አለች ለራሷ። ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። እኔ ገና አልነገርኳትም፣ በቃ። ያልተነገረ ነገር ውሸት ይባላል? ደግሞስ ማንም ሰው ደመወዝ ሳይከፍላት የሰው ፖስታ ቤት እንድትሆን ተፈርዶባታል እንዴ?

አራት ተኩል ላይ የራሷ ስልክ ጠራ። የምስራች።

«ሄርሚ፣ ነገ ልምምድ አለ እንዴ? እማዬ ዌርሃውስ ሥራ አትገባም፣ ስንት ጊዜዋ ነው እረፍት ስታገኝ። ጫማ ልንገዛ ልንሄድ ነው።»

«የለም። ሂዱ።»

«ከክለቡ የመጣ ምንም ነገር የለም?»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ አትቆጪ። ስሚ ደግሞ፣ ትናንት ኮቿን አናገርኳት። ዘጠኝ ቁጥርን በየተራ እንልበስ ብዬ። በእንግሊዝኛ! መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሦስቴ ተለማምጄ!»

የሄርሜላ ጆሮ ጋለ። «ማን ለምኚልኝ አለሽ?»

«ኧረ ልመና አይደለም...»

«ምን አለችሽ?»

«እምቢ አለች። የሆነ ነገር አስረዳችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም።»

«መሄድ አለብኝ» ብላ ዘጋች። ከዚያ በኋላ የነበረው ሰዓት እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። የቤት ሥራዋን ከፈተች፤ ዘጋችው። ፍሪጁን ከፈተች፤ ዘጋችው። አምስት ከሃምሳ ሲሆን ስልኩን ገለበጠችው። አምስት ከሃምሳ ስምንት ሲሆን መልሳ ደፋችው። ስድስት ሆነ። ምንም አልተፈጠረም። ጣሪያው አልወደቀም።

ስድስት ከአሥር ላይ የአቶ ጎሹ ስልክ ጠራ።

«አሠልጣኝሽ ናት፣ አንቺ አናግሪያት» አለ፤ ደግሞ ወረወረላት።

«ሄርሜላ?» አለች ሲግሩን። «ከየምስራች ቤት መልስ አልመጣም። ነገ ዘጠኝ ላይ ትደርሻለሽ? ቦታው ያንቺ ነው።»

ይኸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሦስት ከአርባ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። ልቧ በደስታ ሊዘል ሲገባው እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እ... አዎ» አለች።

«ጥሩ። ለልጅቷ አዘንኩላት» አለች ሲግሩን። «ግን ምን ታደርጊያለሽ? አንዳንድ ወላጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቁብ የለውም። እናቷ መልእክቱን አይታ ትታው ይሆናል።»

ቁብ የለውም? እትዬ ዘሪቱ? ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲያሽጉ አድረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይተኙ ሜዳው ዳር በነጠላቸው ተጠቅልለው የሚቆሙት? ብርቱካን ልጠው፣ በላስቲክ ይዘው ለአሥራ አንዱም ተጫዋች የሚያድሉት? ጨዋታውን አያውቁትም፤ የራሳቸው ልጅም ሆነች ሄርሜላ ኳስ በነካች ቁጥር እኩል ነው የሚጮኹት። ሄርሜላ ባለፈው በራሷ ጎል ላይ ስታገባ እንኳን እልል ብለውላት ነበር።

የምስራችን መንጠቅ አንድ ነገር ነው። እትዬ ዘሪቱን እንዲህ ማስባል ግን...

«አላየችውም» አለች ሄርሜላ።

«ምን?»

«እናቷ መልእክቱን አላየችም። ስልኩ የእኛ ነው። ለነሱ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንብቤው ዝም አልኩ።»

ሶፋው ላይ አቶ ጎሹ ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። እንግሊዝኛ ማንበብ ይሰለቸዋል እንጂ መስማትስ ይሰማል።

«ለምን?» አለች ሲግሩን።

«አንቺ ለሂልዱር ለምን አላቀበልሽም?»

አፏን መሸፈን ፈለገች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

«ጎበዝ ነሽ» አለች ሲግሩን። «ግን ስምሽን ከተጠባባቂነት አወጣዋለሁ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ለሷ ቦታዋን እይዝላታለሁ፤ ዘጠኝ ላይ ትድረስ። ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት ያንቺ ጉዳይ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቷ አያት። እንደሚጮህባት ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ማስታወቂያ ነው አልሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«ልደውልላቸው ወይስ ትደውያለሽ?»

«ውሰደኝ» አለች። «በስልክ አይሆንም።»

አቶ ጎሹ ቁልፉን አነሳ። የየምስራች አፓርትመንት በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በአሥራ ሁለቱም ደቂቃ አባቷ መንገዱን ብቻ አየ። ሄርሜላ ግን ለራሷ ብዙ እያወራች ነበር። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር ትላለች። ወይ መልእክቱ ዘግይቶ ገባ። ይህኛው ይሻላል፤ ማንም አያጣራውም። የምስራች ትጮሃለች፣ ታቅፋታለች፣ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ!» ትላታለች። ነገ አባቷ ሁለቱንም ሎረንስቪል ያደርሳል፤ ሄርሜላም ዳር ቆማ ታጨበጭባለች። ሁሉም ነገር ሰላም። አሠልጣኟ እንደሆነች ወሬ አትወድም።

በሩን የከፈተችው የምስራች ናት። «ሄርሚ! ምነው፣ ሰላም ነው?»

ከኋላዋ ወይዘሮ ዘሪቱ ብቅ አሉ። «ሄርሜላዬ! ግቢ ግቢ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል? አባትሽስ አይወርድም?»

«ደህና አመሹ፣ እትዬ ዘሪቱ። እሱ መኪና ውስጥ ይቆያል።»

የምስራች ፈገግ ብላ ዓይኖቿን አጠበበች። «ፊትሽ ምን ሆኗል? የምትነግሪኝ ነገር አለሽ አይደል?»

«አለኝ» አለች ሄርሜላ። «ደስ የሚል ነገር ነው። በጣም ደስ የሚል።»

«በናትሽ! ንገሪኝ!»

«መጀመሪያ ግን የሚያስጠላውን ልንገርሽ። ለእርስዎም ጭምር ነው፣ እትዬ ዘሪቱ።»

እዚያ ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ሄርሜላ ጎንበስ አለችና ተወችው። ሰምተዋት ሲጨርሱም ግቢ ካሏት፣ ያኔ ታወልቃለች። ጫማዋን እንዳደረገች፣ ደፉ ላይ ቆማ ጀመረች።