ሰም ሲቀልጥ፣ ሰም ሲነድ

ቢያዝን ይመኙሽን ያወቃት በሰም ሰበብ ነው። በ1949 ዓ.ም. ጎንደር ተማሪ ሳለ የሳይንስ መምህሩ «ነገር መልኩን ሲለውጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ» ብሎ ሰም ፍለጋ ላከው። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ለደብሩ ጧፍ ወደሚያሠሩት ወደ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ሄደ። የመሪጌታ ልጅ ይመኙሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም ትነክራለች።

«ሰሙን ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

«አቅልጠን መልሰን ልናረጋው።»

«አገርህ የት ነው?»

«ጃናሞራ፤ መካነ ብርሃን።»

«ታዲያ ይህን ለማየት ነው ያን ሁሉ ገደል ወርደህ የመጣኸው? እኔ በየቀኑ አየው የለ!»

ሳቀችበት። እሱ ግን መሳቁን ረስቶ ፈዝዞ አያት።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ያን ያህል ሰም የሚፈጅ ይመስል በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። የተማረውንም ይነግራታል። የአገሩ ውኃ ሌሊት በረዶ ሆኖ አድሮ ረፋድ ላይ ይፈሳል፤ ቢፈላም እንፋሎት ይሆናል፤ ውኃነቱን ግን አይተውም። ሰምም ቢቀልጥ ይረጋል። ሲነድ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው የለም። ይመኙሽ አቀርቅራ እየሠራች ትሰማዋለች። ቀና ስትልና ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ትምህርቱ እዚያ ላይ ይቋረጣል።

በሁለተኛው ዓመት ቢያዝን አዲስ አበባ ለመምህርነት ሊሠለጥን ተመረጠ። ሊሄድ ሲል ወንዙ ዳር አገኘችው።

«አባቴን ሰው እየጠየቃቸው ነው። ሳትሄድ ሽማግሌ ላክ።»

«ምን አለኝና? አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ።»

«እኔ ብታገሥ እነሱ ቢድሩኝስ?»

ዕድሜ ልኩን የሚጸጸትበትን ነገር የተናገረው እዚህ ላይ ነው። እሱ ያደገበት መንደር ሰው በሰማንያ ይጋባል፤ በሽማግሌ ፊት ታስሮ በሽማግሌ ፊት ይፈታል።

«ቢድሩሽም ፍች አለ። አክስቴ ታየች ሁለቴ ተፈትታ ወደ መጀመሪያ ባሏ ተመልሳለች። የቀለጠ ሰም ይረጋ የለ?»

ይመኙሽ ትኩር ብላ አየችው። አስተያየቷ የቁጣ ነበር፤ ያ የተማረ ሞኝ ግን እሺታ መሰለው።

በዓመቱ መምህር ሆኖ ተመለሰ። ማግባቷን ሰምቷል፤ አልደነገጠም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ጠብቆ አገኛት።

«ይኸው መጣሁ። አሁን መፋታት ነው።»

«ባሌ ሐብተ ማርያም ዲያቆን ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «የተጋባነው በቁርባን ነው። በሰኔ ቅስና ተቀበለ።»

ቁርባን ፍች እንደሌለው ጃናሞራም ይታወቃል።

«ምነው ዲያቆን መሆኑን ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ ምነው ሳትጠይቀኝ? ለማን እንደምሰጥ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ለሌላ ሰው መሰጠቴ ምንም አልመሰለህም። እኔን የገደለኝ ያ ነው።»

«እወድሻለሁ እኮ፣ ይመኙሽ።»

«እኔም እወድህ ነበር። እሱ ግን ሸጋ ሰው ነው። ምን በደለኝና ቤቱን ላፍርስበት?»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። በእጇ የነበረውን የጧፍ ቁራጭ ዘረጋችለት።

«ጠዋት ስገባ ሙሉ ነበር። እስቲ መምህር፣ የጎደለውን መልስልኝ።»

ቢያዝን ቁራጩን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ቄሱ ወደሚጠብቃት ወደ በሩ ሄደች።

አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ጎንደር አስተማረ፤ አላገባም። ሰም አቅልጦ ማርጋቱን በገዛ እጁ ያሳያል። ማንደዱ ላይ ሲደርስ ግን ከመጽሐፉ አንብቦ ያልፈዋል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ መሳቢያው ውስጥ ያለችውን የጧፍ ቁራጭ አይታ፣ «መምህር፣ ለምን ይህን አናነደውም?» አለችው።

ቢያዝን መሳቢያውን ዘጋ።

«እሱ አንዴ ነዷል» አላት።