መስመር አልባው ሪፖርት

«ዘርፈሽ፣ ግጥም ጻፊ ያልኩሽ መቼ ነው?»

የውኃ ቢሮው ኃላፊ አቶ ወልደየሱስ ከማተሚያው የወጣውን የመጀመሪያ ገጽ ያወዛውዛሉ። አንድ ረጅም መስመር፣ ከሥሩ አንዲት ቃል፤ እንደገና ረጅም መስመር፣ እንደገና አንዲት ቃል።

«ኧረ እኔ ግጥም የት አውቄ!» አለች ዘርፈሽ ደንግጣ። «የአሬሮ የውኃ ጉድጓዶች ሪፖርት ነው። የሰጡኝን ነው የጻፍኩት።»

ጥግ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጇ ጠጂቱ ስህተቱ ወዲያው ገባት። እናቷ ዕድሜዋን የፈጀችው በታይፕ ነው። ታይፑ መስመር ሊያልቅ ሲል ደወሉን ያሰማል፣ እሷም ወደ አዲስ መስመር ትገፋዋለች። የእርዳታ ድርጅት ያመጣው ኮምፒዩተር ደወል የለውም፤ መስመሩን ራሱ ይቀይራል። ዘርፈሽ ግን መስመሩ የሞላ በመሰላት ቁጥር፣ የመስመር ማለቂያውን ቁልፍ ሚስማር እንደሚመታ ሰው ትመታዋለች። የማተሚያው ወረቀት ከስክሪኑ ጠበብ ስላለ መስመሩ ሁሉ ተሰባበረ።

«ከምሳ በኋላ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «ሪፖርቱ ካልደረሰ በአንቺ ቦታ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ላኩልኝ እላለሁ። ምን ላድርግ?»

ወጡ። የጠጂቱ አባት ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ ቤቱን ያቆሙት የዘርፈሽ ጣቶች ናቸው።

«እማዬ፣ ምሳሽን ብዪ። እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«አንቺ? ሬዲዮኑን አስተካክላለሁ ብለሽ ፈትተሽ ያስቀመጥሽው አለ እኮ!» አለች። ግን ሌላ ተስፋ አልነበራትምና ወጣች።

ጠጂቱ የውኃ ቴክኒሻኑ ጉግሳ እንዳስተማራት አጭር ፕሮግራም ጻፈች፦ ጽሑፉን ፊደል በፊደል አንብብ፤ የመስመር ማለቂያ ስታገኝ አጥፋው፣ ክፍት ቦታ ተካበት። በቅጽበት ጨረሰ። ደስ ብሏት አሮጌው ጽሑፍ ላይ ደርባ አስቀመጠችው። ከዚያ ከፈተችው።

አንቀጽ የለም። ርዕስ የለም። ፕሮግራሙ የእናቷን ትርፍ ማለቂያዎች ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አጥፍቷቸዋል። ሰንጠረዡ ቀልጦ የአንዱ ጉድጓድ ስም ከሌላው ጥልቀት ጋር ተጣብቋል። የትኛው ደረቀ፣ የትኛው ውኃ አለው፣ አይለይም። ሌላ ቅጂ የለም፣ የታተመውም አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከእጅ ጽሑፉ እንደገና መገልበጥ የሳምንት ሥራ ነው።

ዘርፈሽ ተመለሰች። ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ የልጇን ፊት። ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። አቶ ወልደየሱስ ገቡ።

«ጄኔሬተሩ ነው» አለች ዘርፈሽ ቀድማ። «መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል እንዲህ አደረገው።» እጇ የጠጂቱን ትከሻ ጫን አለ።

«ጣዲቻ!» ብለው በመስኮት ጮኹ አቶ ወልደየሱስ፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱትን ሽማግሌ ዘበኛ። «ዛሬስ አበቃ! ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

ሽማግሌው ናፍጣ የነካው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ጌታዬ? ምን አጠፋሁ?»

ጠጂቱ የእናቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች።

«ጋሼ ወልደየሱስ፣ ጄኔሬተሩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አቶ ወልደየሱስ እሷን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፤ በመጨረሻም ዓይናቸው የዋሸቻቸው ዘርፈሽ ላይ ቀረ።

«ጄኔሬተር ቢሆን እኮ ይጠገን ነበር» አሉ።